የአርቪ ኩሽና ጭስ መውጫ፦ ለመንገድ ዝግ፣ ለምድጃ ክፍት

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ አርቪ (ኩሽናና አልጋ ያለው የጉዞ መኪና) ተከራይተው፣ ልጆቹንና ስንቁን ጭነው ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ሊወጡ ነው እንበል። አከራዩ ስለ ፍሳሹ ቱቦ፣ ስለ መብራቱ ገመድ፣ ስለ አልጋው አዘረጋግ ያስረዳዎታል። በመኪናው የውጭ ግድግዳ ላይ፣ ከምድጃው ትይዩ ስላለችው ትንሽ ክዳን ግን ምንም ሳያነሳ ቁልፉን ሊያስረክብዎ ይችላል። እርስዎ ይጠይቁት። ያቺ ክዳን የኩሽናው ጭስ መውጫ ናት። ምድጃው በተለኮሰ ቁጥር ክፍት፣ መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዝግ መሆን አለባት። ሥራው ይኸው ነው፤ ከባድ አይደለም፣ ግን በቀላሉ ይረሳል።

አሠራሯ ቀላል ነው። ከምድጃው በላይ ጭስ መሳቢያ አለ፤ በውስጡ በ12 ቮልት የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ፣ ከሥሯም ቅባት የሚይዝ የአሉሚኒየም ወንፊት ተገጥሟል። ማራገቢያዋ የሳበችው አየር በአጭር ቱቦ ግድግዳውን ያልፍና ክዳኗን ከውስጥ ገፍቶ ይወጣል። ማራገቢያዋ ስትጠፋ ክዳኗ በራሷ ክብደት ተመልሳ ትዘጋለች። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ላይ ግን ነፋሱ እንዲህ ያለችውን ክዳን እንደ ልቡ ያርገበግባታል። ስለዚህ በግራና በቀኟ ወይም ከታቿ ትናንሽ መቀርቀሪያዎች ተሠርተውላታል። አንዳንዶቹ በጣት ይዞራሉ፣ አንዳንዶቹ ይንሸራተታሉ። ለጉዞ ይቀረቀራሉ፣ ለማብሰል ይፈታሉ።

ሳይቀረቅሩ ቢነዱ ዝናብና አቧራ በቱቦው ገብቶ ምድጃው ላይ ይወርዳል። ብዙ ሲርገበገብ ማጠፊያው ይሰበርና ክዳኗ አውራ ጎዳና ላይ ወድቃ ትቀራለች። ይህ የገንዘብ ጉዳት ነው። ሳይፈቱ ቢያበስሉ ግን ጉዳቱ ወደ ሰው ይመጣል። የሚያታልለው ደግሞ ድምፁ ነው፦ ክዳኗ ተቀርቅራም ማራገቢያዋ እንደ ወትሮው ትጮኻለች፣ መብራቱም ይበራል፣ ቆሞ የሚያማስለው ሰው ጭሱ እየወጣ ይመስለዋል። አየሩ ግን የትም አልሄደም፤ በመሳቢያው ጠርዝ ተመልሶ ፊቱ ላይ እየወረደ ነው።

ብዙ ሰው ጭስ መውጫን ለሽታ ብቻ የተሠራች አድርጎ ያያታል። ሽታው የጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። ፕሮፔን ሲነድ ውሃ ይወልዳል፦ 1 ኪሎ ጋዝ ተቃጥሎ ሲያልቅ 1.6 ኪሎ ገደማ የሚሆን የውሃ እንፋሎት ይወጣዋል። ድስቱ ውስጥ ከሚፈላው ላይ ይህ ይጨመራል። ማምለጫ ያጣ እንፋሎት ሌሊት መስኮቱ ላይ ያልበዋል፣ ፍራሽ ሥር ይገባል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ነበልባሉ በቂ አየር ሲያጣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ከአርቪ ምድጃ አጠገብ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ቢያነቡት ከመለኮስዎ በፊት ማራገቢያውን ወይም የጣሪያውን መስኮት፣ በዚያም ላይ አንድ የጎን መስኮት እንዲከፍቱ ያዝዛል፤ ምድጃውን ለማሞቂያ መጠቀምንም ይከለክላል። ያ ወረቀት ለጌጥ አልተለጠፈም።

መጀመሪያ ይለዩዋት

መኪናውን ሲረከቡ በዙሪያው አንድ ጊዜ ይዙሩ። በውጭ ግድግዳው ላይ ብዙ ሽፋኖች ስላሉ መደናገር ይመጣል። ረጃጅም የፕላስቲክ ፍርግርግ ካዩ ከጀርባው የምግብ ማቀዝቀዣው አለ። አራት ማዕዘን የብረት በር ከሆነ የውሃ ማሞቂያው ነው። ክብ ክብ ቀዳዳ ያለው፣ ሲሠራ የሚያቃጥል ትኩስ አየር የሚተፋው ደግሞ የቤት ማሞቂያው ጭስ ማውጫ ነው። እነዚህ ሦስቱ ሁልጊዜ መተንፈስ አለባቸው፤ በፕላስተርም፣ በጨርቅም፣ በምንም አይድፈኗቸው። የሚከፈተውና የሚዘጋው የኩሽናው ብቻ ነው። ከምድጃው በላይ ባለው ከፍታ፣ በዚያው የግድግዳ አንጻር፣ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ሽፋን ሆኖ ያገኙታል። እርግጠኛ ለመሆን አንድ ሰው ከውስጥ መሳቢያውን በጣቱ ያንኳኳ፣ እርስዎ ከውጭ ያዳምጡ።

ፈልገው ፈልገው ካጡስ? ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። የአንዳንዱ አርቪ ጭስ መውጫ በጣሪያ በኩል ነው። ሌላው ደግሞ ጭሱን ጭራሽ አያወጣም፤ በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ ወደዚያው ክፍል ይመልሰዋል። የኋለኛው ቅባትና ሽታ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ እንፋሎቱንም ካርቦን ሞኖክሳይዱንም አያስወግድም። እንዲህ ያለ መኪና ከደረሰዎ የጣሪያው መስኮት የኩሽናዎ ጭስ መውጫ ነው ብለው ይቁጠሩት።

መቀርቀሪያዎቹን እዚያው አከራዩ ፊት ከፍተው ይዝጉ። ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ሲነኩት ስለሚሰበር፣ ከተሰበረም በእርስዎ ከመቆጠሩ በፊት ይታወቅ። ቁመትዎ ካልደረሰ ባለ ሁለት ደረጃ ታጣፊ መሰላል ያስፈልግዎታል። ወንበር ላይ ቆሞ፣ ባልተስተካከለ መሬት ላይ፣ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ መሥራት ጥሩ አይደለም።

ከጋዙ ጋር ያጣምሯት

ረጅም የማስታወሻ ዝርዝር አዘጋጅቶ በር ላይ የሚለጥፍ አለ። ዝርዝሩ በመጀመሪያው ቀን ይነበባል፣ በሦስተኛው ቀን የግድግዳ ወረቀት ይሆናል። ለዚህች ክዳን የሚሻለው፣ ከማይረሱት ሥራ ጋር ማጣመር ነው። ያ ሥራ የጋዝ ቫልቩ ነው፤ ቫልቩ ሳይከፈት ምድጃው አይነድምና። ደንቡ እንዲህ ይሁን፦ ቫልቩን የከፈተ ሰው ወደ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ሄዶ መቀርቀሪያውን ይፍታ፤ ቫልቩን የዘጋ ሰው በቀጥታ ሄዶ ይቀርቅር። ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ሰው ይሁን። አባወራው ቫልቩን፣ ልጁ ክዳኗን ከተባባሉ አንድ ቀን ሁለቱም ሌላው ሠርቶታል ብለው ይተዉታል።

ተጎታች ከሆነ ሲሊንደሮቹ ከፊት፣ መጎተቻው ላይ ናቸው። ሞተሩ አብሮት ያለ መኪና ከሆነ ጋዙ በጎኑ ከአንዲት በር ጀርባ በተቀመጠ ቋሚ ታንክ ውስጥ ነው። የትም ይሁን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው። ከዚህ ሌላ ምልክት ካስፈለገዎ ክዳኗን ሲቀረቅሩ አንድ ቀይ ጥብጣብ በምድጃው መክፈቻ ላይ ይሰሩ፤ ሊለኩስ የመጣ ሰው መጀመሪያ ጥብጣቡን መፍታት አለበት። ጥብጣቡ እያለ እሳት የለም።

ካምፑ ሲደርሱ

ገና መኪናውን ሲያቆሙ ነፋሱን ይመልከቱ። ጭስ መውጫዋ ያለችበት ጎን ከነፋሱ ተቃራኒ ቢሆን ጭሱ ሳይመለስ ይሄዳል፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ከገጠማት ትንሿ ማራገቢያ አታሸንፈውም። ቦታው የተወሰነ ስለሆነ ሁልጊዜ አይመረጥም፤ ሲመረጥ ግን ይምረጡ። ከነፋሱ ይልቅ የጎረቤትን ጄነሬተር ይበልጥ ይጠንቀቁ። የተፈታች ክዳን ለጭስ መውጫ እንደሆነች ሁሉ ለጭስ መግቢያም ትሆናለች፤ የጄነሬተር ጭስ ደግሞ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተሞላ ነው። የጎረቤትዎ ጄነሬተር ወደ ኩሽናዎ ግድግዳ የሚተፋ ከሆነ ሄደው በትሕትና ያነጋግሩት፣ ካልሆነም ቦታ ይቀይሩ።

ጎማው ታግዶ መኪናው ከተስተካከለ በኋላ ወደ ጋዙ ይሂዱ። ቫልቩን ቀስ ብለው ይክፈቱት። በአንድ ጊዜ ቢያሽከረክሩት ጋዙ ይገነፍልና መስመሩ ላይ ያለው መከላከያ ቧንቧው የተበጠሰ መስሎት ፍሰቱን ያንቀዋል፤ ምድጃውም ሲነድ ያንቀላፋል። እንዲህ ከሆነ ዘግተው፣ ትንሽ ቆይተው፣ ቀስ አድርገው እንደገና ይክፈቱ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ክዳኗ። መቀርቀሪያዎቹን ይፍቱና በአንድ ጣት ከታች ወደ ላይ ያንሷት። ያለ ትግል መነሳት፣ ሲለቋትም በራሷ መውደቅ አለባት። የምትጣበቅ ከሆነ በጠርዟ ቅባት ደርቋል፤ በሞቀ የሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ።

አሁን ይግቡና ማራገቢያዋን ይክፈቱ፤ አንድ ሰው ከውጭ ይይ። ክዳኗ ጥቂት ብትነሳ ይበቃል፣ በሰፊው እንድትከፈት አይጠብቁ። ብቻዎን ከሆኑ ስስ የወረቀት መሐረብ ከወንፊቱ ሥር ያስጠጉ፤ ከተጣበቀ አየሩ እየተሳበ ነው። ወረቀቱ ወረደ? መጀመሪያ ባትሪውን ይመልከቱ። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ካምፖች ውስጥ የመብራት መስመር የለም፤ ማራገቢያዋ የምትኖረው በባትሪው ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ሊያልቅ ነው፣ ማራገቢያዋም ትደክማለች። ባትሪው ደኅና ሆኖ አየሩ ካልተሳበ ወንፊቱ በቅባት ተደፍኗል፣ ወይም ቱቦው ውስጥ የሆነ ነገር አለ። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ቀጥሎ መስኮት። ማራገቢያዋ አየር ማውጣት የምትችለው በምትኩ የሚገባ አየር ሲኖር ነው። ከምድጃው ማዶ ያለውን መስኮት አራት ጣት ያህል ይክፈቱ፤ ምድጃው አጠገብ ያለውን ከከፈቱ ንፋሱ ነበልባሉን ያንገላታል፣ አየሩም በአቋራጭ ገብቶ ይወጣና የክፍሉ ጭስ እንዳለ ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልጥቀስ። በጣሪያው ላይ የሚገጠሙት ትልልቅ ማራገቢያዎች በደቂቃ እስከ 900 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይስባሉ። የምድጃው ማራገቢያ በዚህ ፊት ምንም ናት። መስኮት ሳይከፍቱ የመታጠቢያ ቤቱን የጣሪያ ማራገቢያ በኃይል ቢያስነሱ አየር ከየትም ቀዳዳ እየተጎተተ ይገባል፤ በምድጃው ጭስ መውጫም በኩል ጭሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ወይ መስኮቱን በደንብ ይክፈቱ፣ ወይ ጣሪያው ላይ ያለው ምድጃው አጠገብ ከሆነ እሱን ብቻ ይጠቀሙ። በእኔ ምርጫ፣ ኩሽናው አናት ላይ የጣሪያ ማራገቢያ ያለው መኪና ካገኙ ዋናው ሠራተኛ እሱ ይሁን፤ ትንሿ ትርዳው።

የእኛ ወጥና የአርቪው ኩሽና

እነዚህ ኩሽናዎች የተሠሩት እንቁላል ለመጥበስና ሾርባ ለማሞቅ ነው። የእኛ ቁሌት ሌላ ነገር ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቁላላል፣ ውሃው ሁሉ ወደ አየር ይወጣል፣ በርበሬው ሲገባ ደግሞ ቤቱ ሙሉ ያስነጥሳል። ከምድጃው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ፍራሹ፣ መጋረጃውና የልጆቹ ልብስ አለ። የተከራዩት መኪና ከሆነ ሽታው ሳይወጣ ቢመልሱት አከራዩ የጽዳት ገንዘብ ሊጠይቅዎ ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ወጡን ቤትዎ ሠርተው፣ አቀዝቅዘው፣ በየምግቡ ልክ ከፋፍለው በረዶ አድርገው ይያዙ። ዶሮ ወጡም፣ ምስሩም፣ ሥጋ ወጡም። አርቪው ውስጥ ማሞቅ ብቻ ይቅር። ቁሌት የግድ ካማረዎ ውጭ፣ በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ የጋዝ ምድጃ ይሥሩት፤ ከመኪናው ራቅ አድርገው፣ ከተዘረጋው የሸራ ጥላ ሥር ሳይሆን። ሸራው እሳት ይፈራል፤ ጭሱንም ሰብስቦ በመስኮቱ መልሶ ያስገባዋል። የኩሽናው ጭስ መውጫ ራሷ ከሸራው ሥር የምትገኝበት መኪናም አለ፤ ያኔ ሲያበስሉ ሸራውን መጠቅለል ነው። በሸናንዶዋ ደግሞ ጥቁር ድብ አለ፤ ድስትም ምግብም ውጭ ትቶ መተኛት በፓርኩ ደንብ የተከለከለ ነው።

ውስጥ ማብሰሉ ካልቀረ፣ ማራገቢያዋን ከመለኮስዎ በፊት ያስነሱ፤ እሳቱን ካጠፉም በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ትሥራ። ድስቱን ወደ ግድግዳው በተጠጋው ምድጃ ላይ ይጣዱት፤ ከፊት ለፊቱ ላይ የሚነሳው እንፋሎት መሳቢያው ሳያገኘው ያመልጣል። የድስት ክዳን ይጠቀሙ። ነበልባሉን አልፎ አልፎ ያስተውሉ፤ ሰማያዊ ከሆነ መልካም፣ ቢጫ እየሆነ የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ከቀባ በደንብ እየነደደ አይደለምና ያጥፉ።

ዘይት ወይም ቅቤ በእሳት ቢያያዝ መጀመሪያ ምድጃውን ያጥፉ፣ ድስቱን ይክደኑ፣ ማራገቢያዋንም ያጥፉ፤ ያለዚያ ነበልባሉን ቅባት ወዳለበት ቱቦ ትስበዋለች። ውሃ በፍጹም አይጨምሩ።

ቡናው ደግሞ ለብቻው ይነሳ። ቡና ቆልቶ ማጨስ የእንግድነት ክብር ነው፤ አርቪው ውስጥ ግን የጭስ አላርሙን ገና ሙቀጫው ጋ ሳይደርስ ያስጮኸዋል። የአላርሙን ባትሪ አውጥቶ ማብሰል የሚቀናው ሰው ሞልቷል። አያውጡ፤ መልሶ ማስገባት ይረሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ያለ ጠባቂ ይሆናል። ቡናውን ውጭ ይቁሉት፤ ተራራው ላይ የሚቆላ ቡና የሚቀርበትም ነገር የለም። ጀበናውን ግን ውስጥ በጋዙ ላይ መጣድ ይቻላል።

ከሰል ያለበት ፈርኔሎ አርቪ ውስጥ አይገባም። ክዳኗ ብትፈታ፣ ማራገቢያዋ ብትሠራ፣ መስኮቱ ሁሉ ቢከፈት፣ እጣን ለማጨስ ያህል ሁለት ፍም ብቻ ቢሆን እንኳ አይገባም። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድን በብዛት ያወጣል፤ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም ለሰዓታት ያወጣል። ማታ ሲበርድ ፈርኔሎውን «በቃ ከስሟል» ብሎ ወደ ውስጥ ማግባት ሰው የሚገድል ነገር ነው። ውጭ ይደር፣ ውሃ ይፍሰስበት።

አላርሞቹን በተመለከተ፣ የጋዙ አላርም ከወለሉ አጠገብ የሚገጠመው ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድና ወደ ታች ስለሚተኛ ነው፤ ፊቱን በጫማና በሻንጣ አይሸፍኑት። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ብዙ ጊዜ ከእሱ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ይገኛል። ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን ዓመት ይመልከቱ፤ እንደ ሥሪታቸው ከ5 እስከ 10 ዓመት አገልግለው ያበቃሉ፣ ያረጀ አላርም መብራቱ እየበራም ላያሸት ይችላል። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ምግቡን አይጠርጥሩ፤ ሁሉም ይውጣ፣ ከውጭ ሆነው 911 ይደውሉ።

ማታ

ነፋስ ባለበት ሌሊት ክዳኗ ጧ ጧ እያለች እንቅልፍ ትነሳለች። ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ መቀርቀር ይቻላል፤ ብርድም ይቀንሳል። ያኔ ግን ከጋዙ ጋር የነበረው ጥምረት ይፈርሳል፤ ቫልቩ ክፍት ነው፣ ክዳኗ ዝግ ናት። ቀዩ ጥብጣብ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ሻይ ሊያፈላ የተነሳ ሰው ጥብጣቡን ሲያይ ጃኬቱን ደርቦ ይወጣል።

ከካምፑ ሲነሱ

ጋዙን ይዝጉ፣ ክዳኗን ይቀርቅሩ፣ በጣትዎ ጎትተው ይፈትኗት። ከዚያ የጣሪያዎቹን መስኮቶች ከውስጥ አንድ በአንድ ይዝጉ። የተከፈተ የጣሪያ ክዳን ቅርንጫፍ ይሰብረዋል፤ በመኪናው ቁመት ላይም ይጨምራል። በስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ጣሪያው ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ያለው ትልቅ አርቪ ለዚያ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ የመኪናዎን ቁመት አውቀው ይሂዱ።

የምግብ ማቀዝቀዣውን በጋዝ እያሠሩ የሚነዱ አሉ። እኔ አልመክርም። ማቀዝቀዣው ካልተከፈተ ለጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ በአደጋ ጊዜ ግን ክፍት ቫልቭ ሌላ አደጋ ነው። ነዳጅ ማደያ ሲገቡማ ማንኛውም ነበልባል መጥፋት አለበት።

ጉዞዎ ወደ ሰሜን፣ በባልቲሞር በኩል ከሆነ አንድ ነገር ይጨመርበታል። በፎርት ማክሄንሪና በባልቲሞር ሃርበር ዋሻዎች፣ በአንድ ሲሊንደር ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን የጫነ መኪና አያልፍም፤ የአብዛኛው አርቪ ሲሊንደር 20 ፓውንድና ከዚያ በላይ ነው። ቫልቩን መዝጋትዎ አያስፈቅድልዎትም። ቀድሞ እንዲህ ያሉት መኪኖች በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይሻገሩ ነበር፤ ድልድዩ ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ወደቀ። አሁን በ695 ቀለበት መንገድ በምዕራብ በኩል መዞር ነው።

መንገድ ላይ መቀርቀሪያው ቢሰበር ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ሰማያዊ ፕላስተር ለዚያ ቀን ያደርሳል። ብርማውን የጨርቅ ፕላስተር አይንኩት፤ ሲነቀል ቀለሙን ይዞ ይወጣል፣ ሙጫውም ይቀራል። ፕላስተሩን በተቃራኒ ቀለም ማድረጉ ጥቅም አለው፦ ከሩቅ ይታያል፣ ካምፕ ሲደርሱ መነቀሉ አይረሳም።

ማጽዳትና መጠገን

ይህ ክፍል መኪናው የራሱ ለሆነ ሰው ነው።

የአሉሚኒየሙን ወንፊት ያውጡና የዕቃ ሳሙና በተጨመረበት በጣም የሞቀ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ በለስላሳ ብሩሽ ያሹት፣ አድርቀው ይመልሱት። ንጥር ቅቤ ያለበት ቤት ይህን ቶሎ ቶሎ ያደርጋል። የከሰል ማጣሪያ ከሆነ አይታጠብም፤ ይቀየራል።

የውጭውን ሽፋን በዓመት አንድ ጊዜ መፍታት ጥሩ ነው። ካቻቢቴ ይበቃል፤ ዙሪያውን ያሉትን ቪቴዎች ፈትተው ቀስ አድርገው ይሳቡት። ከውስጡ የሚያገኙት ቅባት፣ አቧራና፣ መኪናው ቆሞ ከከረመ፣ የተርብ ቤት ነው። በአሜሪካ ጭቃ እያቦካ ቤት የሚሠራ ተርብ አለ፤ እንዲህ ያሉ ጨለማ ቀዳዳዎችን ይወዳል፣ ማራገቢያዋን እስኪያስቆም ድረስ ይሞላዋል። የሽቦ ወንፊት ከሽፋኑ ጀርባ መግጠም ይከላከላል፤ ነገር ግን ቀዳዳው በጣም የደቀቀ አይሁን፣ ቅባት ይደፍነዋል፣ እሱም ራሱ መታጠብ ይፈልጋል።

ሽፋኑ ወልቆ ሳለ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ፋብሪካው ብዙ ጊዜ የማይጠነቀቅበት ቦታ እዚህ ነው፦ የመሳቢያው አፍና የግድግዳው ቀዳዳ ሳይገጣጠሙ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። ያኔ ጭሱና እንፋሎቱ በከፊል ወደ ግድግዳው ውስጥ ይነፋል፤ እንጨቱ ይረጥባል፣ ቅባቱም እዚያ ይከማቻል። ክፍተቱን ሙቀት በሚችል የአሉሚኒየም ፕላስተር ዙሪያውን ይዝጉት። የጨርቅና የፕላስቲክ ፕላስተር በሙቀት ደርቆ ይወድቃል። ማራገቢያዋ እየጮኸች ጭሱ የማይቀንስባቸው ሰዎች ጥፋቱን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት እዚህ ነው።

ሽፋኑን ሲመልሱ የድሮውን ማሸጊያ በፕላስቲክ መፋቂያ አጽድተው በአልኮል ይጥረጉ። ከሽፋኑ ጠርዝ ጀርባ የቡቲል ፕላስተር ያዙሩ፣ ቪቴዎቹን ሳያጠብቁ ሁሉንም ያስገቡ፣ ከዚያ በተራ በተራ ያጥብቁ። በውጭው ጠርዝ ላይ ማሸጊያ የሚቀባው ከላይና ከሁለቱ ጎኖች ነው፤ የታችኛው ጠርዝ ይተው፣ ሾልኮ የገባ ውሃ መውጫ እንዲያገኝ። ማሸጊያው ለቁም ግድግዳ የሚሆን ይሁን፤ ለጣሪያ የሚሸጠው ራሱን የሚያስተካክለው ዓይነት ግድግዳ ላይ ሲቀባ ይወርዳል። ከምድጃው በላይ ያለው የውስጥ ግድግዳ ቡናማ እድፍ ካወጣ ወይም ሲጫኑት ከለሰለሰ ውሃ መግባት ጀምሯልና ሳይውል ሳያድር ይክፈቱት።

የክዳኗ ማጠፊያ ቢደርቅ ዘይት አይቀቡት፤ አቧራ ይሰበስባል። ደረቅ የሲሊኮን ርጭት ይሻለዋል። ክዳኗ ራሷ ከተሰነጠቀች ለብቻዋ ትሸጣለች፤ ሲገዙ የሽፋኑን ርዝመትና ስፋት፣ የማጠፊያውንም ዓይነት ለክተውና ፎቶ አንስተው ይሂዱ፣ የሚመሳሰሉት ብዙ ናቸው፣ የሚገጥመው ግን አንዱ ነው።

ክረምቱን መኪናው ሲቆም ክዳኗ ተቀርቅራ፣ ወንፊቱ ታጥቦ፣ መስኮቱም ተዘግቶ ይቀመጥ። በጸደይ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ሽፋኑን ገልጠው ሳያዩ፣ በወረቀት መሐረቡም ሳይፈትኑ ምድጃውን አይለኩሱ።